አደይ፣ መጭ፣ ኑግ፤ የአንድ ቢጫ አበባ ማንነትና የመዝገበ ቃላት ፍች ታሪክ

፩. የጓሮው ጥያቄ

የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ሥራውን የሚያከናውነው በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ፍቹ የሚፈተነው ግን ቃሉ በሚነገርበት በገበያ፣ በማሳና በጓሮ ነው። እኛም ለብዙ ዓመታት በካርድ ላይ አስፍረን ያቆየነው የአንድ አበባ ፍች ባለፈው ዓመት በገዛ ጓሯችን ተፈትኖ ወደቀ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ፍች ስለ ምን እንደ ወደቀ በታሪክ መርምሮ ማሳየትና በምትኩ ሊቆም የሚችለውን ማቅረብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በምንኖርበት ቤት ጓሮ፣ ለጎመን መደብ ፍግ ከተበተነበት ስፍራ፣ በሐምሌ ወር ማንም ያልዘራው ተክል በቀለ። የሚያርመው ሰው ስላልነበረ በነሐሴ መጨረሻ ከጉልበት በላይ አደገ፤ በመስከረም ሁለተኛው ሳምንት ቢጫ አበባ አወጣ። የቤቱ ልጅ «አደይ በቀለልን» ብሎ ቀጥፎ አመጣ፤ እኛም ሳንጠራጠር ተቀበልነው። የምንጠራጠርበት ምክንያትም አልነበረም፤ ቀደም ብለን በእጃችን የጻፍነው ካርድ «አደይ፤ በመስከረም ወር የሚፈካ ቢጫ አበባ» ይላልና። ወሩ መስከረም ነው፤ ቀለሙ ቢጫ ነው፤ ስለዚህ አደይ ነው።

በማግሥቱ ጎጃም ተወልደው ያደጉ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጡና አበባውን በብርጭቆ ውስጥ አዩት። «ልጄ፣ መጭ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሲቀመጥ ያየሁት ዛሬ ነው» አሉን። አደይ መሆኑን ብንነግራቸው ጊዜ ቅጠሉን በጣታቸው ያዙ። «እስቲ ዳሰው፤ ይሻክራል። ቅጠሉም ደፍን ነው። አደይ ቅጠሉ እንደዚህ አይደለም፤ የተሰነጣጠቀ ነው። ዘሩም ሲደርስ ጠፍጣፋ ነው እንጂ እንደ ኑግ ድቡልቡል አይደለም።» «እማማ፣ ታዲያ ይህ ኑግ ሊሆን አይችልም?» ብለን ጠየቅናቸው። «ኑግማ የተዘራ ነው፤ ይህን ማን ዘራው?» ብለው ቡናቸውን ጠጡ። ከሳምንት በኋላ የመጣ አንድ የእርሻ ትምህርት ተማሪ ዘመዳችን ደግሞ ተክሉን ከሩቅ አይቶ «ኑግ ነው» ሲል ፈረደ።

አንድ ተክል በአሥር ቀን ውስጥ ሦስት ስም አገኘ። ከሦስቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ወደ ካርዳችን ብንመለስ ካርዱ ዝም አለ። በመስከረም የሚፈኩት ቢጫ አበቦች አንድ ብቻ አይደሉምና፣ ፍቻችን ሦስቱንም በአንድ ከረጢት ይዞ ተገኘ። «ከኑግ የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» የሚለው ተረት በእኛው ካርድ ላይ ተፈጸመ ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» የሚል ምልክት ያልተጨመረባቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

፪. ቃሉ ያለ ተክሉ

የአማርኛ መዝገበ ቃላት ታሪክ ከአገር ውጭ የተጀመረ ታሪክ ነው። ኢዮብ ሉዶልፍ የአማርኛና የላቲን መዝገበ ቃላቱን በፍራንክፉርት ያሳተመው በ1698 ነው። የቃሉ ምንጭ ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ በ1652 ወደ ጎታ ከተማ ተጠርተው ሄደው ከሉዶልፍ ጋር ሠርተዋል። እነዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ ግሥና ስለ ስም ሲነጋገሩ በመካከላቸው ብዙ ነገር ሊቀርብ ይችል ነበር፤ መጽሐፍ፣ ልብስ፣ ዳቦ፣ ወይን። የኢትዮጵያ ሜዳ አበባ ግን ሊቀርብ አይችልም። አባ ጎርጎርዮስ የአንድን ተክል ስም ቢጠሩ ሉዶልፍ ሊጽፍ የሚችለው የሰማውን ድምፅና «የተክል ስም ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ጉድለቱ የሊቃውንቱ ሳይሆን የርቀቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የተነሡት አዘጋጆች አገሩን ያዩ ነበሩ። ካርል ኢዘንበርግ የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ በዓድዋ ተቀምጦ ቃላት ሰብስቧል፤ መዝገበ ቃላቱ በ1841 ለንደን ላይ ታተመ። አንቷን ዳባዲ በኢትዮጵያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ተዘዋውሮ የሰበሰበውን በ1881 ፓሪስ ላይ አሳተመ። ኢኛሲዮ ጒዪዲ ደግሞ በሮማ ሆኖ፣ በአለቃ ክፍለ ጊዮርጊስ ረዳትነት፣ የአማርኛና የኢጣልያንኛ መዝገበ ቃላቱን በ1901 አወጣ። የእነዚህ ሥራዎች ዋጋ ታላቅ ነው፤ እስከ ዛሬም ድረስ የምንሠራው በእነርሱ ትከሻ ላይ ቆመን ነው። ሆኖም አንዱ ሰባኪ፣ አንዱ የምድር ለኪ፣ አንዱ የግእዝ ሊቅ ነበር እንጂ ከመካከላቸው በሙያው ዕፀ ተመራማሪ የሆነ አልነበረም።

በአገር ውስጥ የተነሡት ሊቃውንትም፣ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራቸው በ1948 ዓ.ም.፣ ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951 ዓ.ም.፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. የታተሙላቸው፣ ስለ ዕፅዋት ሲጽፉ የሚጽፉለት አንባቢ የገጠር ልጅ ነበር። ለዚያ አንባቢ የቃሉን ሥርና አመጣጥ መንገር ያስፈልጋል፤ አደይን ከመጭ እንዴት እንደሚለይ መንገር ግን አባት ለልጁ በሬና ላም እንዴት እንደሚለዩ እንደ መንገር ነው። በጥቅሉ «የአበባ ዓይነት»፣ «የሣር ዓይነት»፣ «የዛፍ ስም» የሚሉት አጫጭር ፍቾች ከቸልተኝነት የመጡ አይደሉም። የቀረውን አንባቢው በዓይኑ ይሞላዋል ከሚል እምነት የመጡ ናቸው።

ዛሬ ያ እምነት አይሠራም። የመዝገበ ቃላት ተጠቃሚ ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ በአስፋልት ላይ ያደጉ ናቸው፤ በዋሽንግተንና በቴል አቪቭ ተወልደው አደይን በዕንቁጣጣሽ ካርድ ላይ በሥዕል ብቻ የሚያውቁም አሉ። ለእነዚህ «የአበባ ዓይነት» የሚለው ፍች ባዶ ቅል ነው።

፫. ተክሉ ያለ ቃሉ

በሌላው ወገን የዕፅዋት ሊቃውንት ታሪክ ቆሟል። እነርሱ በተቃራኒው ተክሉን ይዘው ቃሉን ጥለው ሄዱ።

ለዚህ ከሁሉ የሚያስደንቀው ምሳሌ ከኑግ ይገኛል። የካርል ሊኔዎስ ልጅ የሆነው ሁለተኛው ሊኔዎስ በ1782 በወጣው መጽሐፉ ኑግን «ፖሊምኒያ አቢሲኒካ» ብሎ ሰየመው። ኑግ ከጥንት ዘመን ጀምሮ በህንድም ይዘራ ስለ ነበር፣ ያው ተክል በ1807 ከህንድ በተገኘው ናሙና «ቨርቤሲና ሳቲቫ» ተብሎ እንደገና ተሰየመ። በ1829 ፈረንሳዊው አንሪ ካሲኒ እነዚህን ተክሎች ከሌሎቹ ለይቶ በራሳቸው ወገን አቆማቸውና ወገኑን «ጊዞቲያ» አለው፤ ይህም ለፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው ለፍራንስዋ ጊዞ ክብር ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ገበሬ እጅ ለምቶ የኖረው እህል በሳይንስ ቋንቋ የሚጠራው በአንድ የፓሪስ ታሪክ ጸሐፊ ስም ነው። «ኑግ» የሚለው ቃል ከሦስቱ ስያሜዎች በአንዱም ውስጥ አልገባም።

የመጭም ታሪክ ከዚህ አይለይም። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 ትግራይ ገብቶ ኑሮውን በዚያው መሠረተ፤ በ1878 በዓድዋ እስኪሞት ድረስም ዕፅዋት እየሰበሰበ፣ እያደረቀና እየላከ ኖረ። እርሱ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ታላላቅ የዕፅዋት ቤተ መዘክሮች ሁሉ ይገኛሉ። ሹልዝ ቢፖንቲኑስ የተባለው ሐኪምና ዕፀ ተመራማሪ ከኑግ ዘመዶች አንዱን በሺምፐር ስም «ጊዞቲያ ሺምፐሪ» ብሎ ጠራው። ይህ ተክል ገበሬው መጭ የሚለው ነው። ዴንማርካዊቱ ዩሊየ ባገው በ1974 ባወጣችው የወገኑ ጥናት ውስጥ ከ«ጊዞቲያ ስካብራ» ሥር፣ እንደ አንድ ንዑስ ዝርያ፣ «ሺምፐሪ» ብላ አስገባችው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ሺምፐር ዓድዋ በገባ ጊዜ ኢዘንበርግ ገና በዚያው ከተማ ነበር፤ የተባረረው በ1838 ነው። የአማርኛን ቃላት የሚሰበስበውና የኢትዮጵያን ዕፅዋት የሚሰበስበው ሁለት ጀርመናውያን ለጥቂት ጊዜ በአንድ ከተማ ኖረዋል ማለት ነው። የአንዱ ወረቀት የቃላት ዝርዝር ነበረበት፤ የሌላው ወረቀት የደረቀ ቅጠል ነበረበት። ሁለቱ ወረቀቶች ተያይዘው ቢሄዱ ኖሮ የዛሬው ጥያቄያችን ባልተነሣ ነበር። ነገር ግን ቃላቱ ወደ ለንደን ማተሚያ ቤት፣ ቅጠሉም ወደ ጀርመንና ወደ ፈረንሳይ ሣጥኖች ሄዱ።

የዕፅዋቱ ሣጥኖች ያለ መሥዋዕትነት አልሞሉም። ለፓሪሱ ሊቅ ለአሺል ሪሻር ናሙና ይሰበስቡ ከነበሩት ሁለት ሐኪሞች ኳርተን ዲዮን በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ፔቲን ደግሞ በዓባይ ወንዝ አዞ ወሰደው። ሪሻር ራሱ ኢትዮጵያን ሳያይ፣ እነርሱ በላኩት ላይ ተመሥርቶ፣ ከ1847 እስከ 1851 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ዕፅዋት ያዘጋጀውን ታላቅ ሥራ አሳተመ። በላቲን የተጻፈ ስለሆነ መጽሐፉን ለማንበብ የሚችል የኢትዮጵያ ገበሬ አልነበረም፤ ተክሉን ለመለየት ግን መጽሐፉ አያስፈልገውም ነበር።

አደይም በዚሁ መንገድ አልፏል። ሹልዝ ቢፖንቲኑስ «ማክሮፕቴራ» የሚለውን ስም ሰጠው፤ ኢጣልያዊው ኤሚልዮ ኪዮቬንዳ በ«ኮሪዮፕሲስ» ወገን ሥር አድርጎ በሕትመት አጸናው። ኮሪዮፕሲስ ማለት በግሪክ «ትኋን መሰል» ማለት ነው፤ ስለ ዘሩ ቅርፅ የተሰጠ ስም ነው። ኋላም ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ በ1984 በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስለሚገኙት የዚህ ዓይነት ተክሎች ባወጡት ጥናት፣ ከዚያም በ1993 ስለ መላው አፍሪካ ባወጡት ጥናት፣ በኮሪዮፕሲስ ስም የተመዘገቡትን የአፍሪካ ተክሎች ወደ «ቢደንስ» አዛወሯቸው። ስለዚህ የአደይ የሳይንስ ስም ዛሬ «ቢደንስ ማክሮፕቴራ» ነው። ቢደንስ «ባለ ሁለት ጥርስ»፣ ማክሮፕቴራ «ባለ ትልቅ ክንፍ» ማለት ነው። ክንፉ በአበባው ላይ አይታይም፤ በዘሩ ግራና ቀኝ እንደ ስስ ወረቀት ተዘርግቶ ይታያል።

፬. ሁለቱ መንገዶች ሲገናኙ

ቃሉንና ተክሉን አንድ ላይ ለማምጣት የተሞከረው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ጌኦርግ ሽቫይንፉርት በ1893 የአቢሲኒያ ዕፅዋት ስሞችን በፊደል ተራ ዘርዝሮ ከሳይንስ ስማቸው ጋር አሳተመ። ጌኦርግ ኩፎዶንቲስ ከ1953 እስከ 1972 በክፍል በክፍል ያወጣው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ቆጠራ ተከተለ። ወልደ ሚካኤል ቀለቻ ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ዕፅዋት ስሞች መዘርዝር በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታተመ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1959 የተቋቋመው ብሔራዊ የዕፅዋት ቤተ መዘክርም ናሙናና ስም በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ስፍራ ሆነ፤ በ1980 የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ጥናት በ2009 ተፈጽሟል። አደይ፣ መጭና ኑግ የሚገኙበት ክፍል በ2004 ታትሟል።

የእነዚህ ሥራዎች ባለውለታ መሆናችንን እየገለጽን፣ ከቋንቋ ወገን ሆነን አንድ ጉድለት እናመለክታለን። በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ የአገር ቋንቋ ስሞች ብዙውን ጊዜ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። የላቲን ፊደል ለ«ች» እንጂ ለ«ጭ» የተለየ ምልክት የለውም። ስለዚህ «መጭ» በላቲን ተጽፎ ወደ ፊደላችን ሲመለስ «መች» ሆኖ ሊነበብ ይችላል፤ የአረሙ ስም የጊዜ መጠይቅ ሆነ ማለት ነው። አንድ ቃል ከአገሩ ወጥቶ ሲመለስ መታወቂያውን የሚጥለው እንዲህ ነው። ከዚህም ሌላ በእንግሊዝኛ አደይን «የመስቀል ዴይዚ» ማለት ተለምዷል። ዴይዚ የሚባለው የአውሮፓ አበባ ጠርዙ ነጭ ነው፤ ከዓመት ዓመትም ከሥሩ ይኖራል። አደይ ቢጫ ነው፤ ክረምትና መፀው አይቶ ይሞታል። ተማሪው ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ አደይን ለማወቅ ቢሞክር ሌላ አበባ ይዞ ይመለሳል።

በአገራችን ቋንቋዎች መካከል ግን ስሙ ሲሻገር መልኩ አይጠፋም። የአማርኛው አደይ በኦሮምኛ ኬሎ፣ በትግርኛ ገልገለ መስቀል ይባላል፤ የአማርኛው መጭ በኦሮምኛ ቱፎ ይባላል። ሦስቱም ሕዝቦች አበባውን በዓይን ስለሚያውቁት ስሞቹ ተለያይተውም ያው ተክል ላይ ያርፋሉ። ይህም ስምን ከመሳሳት የሚጠብቀው ተክሉን ማየት መሆኑን ያስረዳል።

፭. የጓሮው አበባ ማንነት

ወደ ጓሯችን እንመለስ። ከላይ የተጠቀሱትን ጥናቶች ካገላበጥን በኋላ ተክሉን በአራት ምልክት መረመርነው።

አንደኛው ምልክት ቅጠሉ ነው። የአደይ ቅጠል እስከ መካከሉ ድረስ የተሰነጣጠቀ ነው። የጓሯችን ተክል ቅጠል ግን ደፍን፣ ረዘም ያለ፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት የቆመና በሥሩ ግንዱን በከፊል የሚያቅፍ ሆኖ ተገኘ። ሲዳሰስም ይሻክራል። «ስካብራ» የሚለው የላቲን ቃል ትርጉሙ «ሻካራ» ነው። አሮጊቷ ጎረቤታችን በጣታቸው የለዩትን ምልክት የሳይንስ ሊቃውንትም ለተክሉ መጠሪያ አድርገውታል። እርሳቸው ላቲን አልተማሩም፤ ላቲኑን የጻፉትም እርሳቸውን አልጠየቁም፤ ነገር ግን ሁለቱም ያንኑ ቅጠል ዳስሰዋል።

ሁለተኛው ምልክት አበባውን ከሥር የሚያቅፉት ቅጠሎች ናቸው። በእነዚህ ተክሎች አንድ አበባ መስሎ የሚታየን የብዙ ጥቃቅን አበቦች ጉባኤ ነው፤ ከዳር ያሉት ቢጫ ምላስ ያወጣሉ፣ ከመካከል ያሉት ግን ተጠጋግተው ይቆማሉ። በኑግና በመጭ ይህን ጉባኤ ከውጭ የሚያቅፉት አምስት ያህል ሰፋ ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ናቸው። የጓሯችን ተክል እነዚህ ነበሩት።

ሦስተኛው ምልክት የፍሬው ቅርፅ ነው። እስከ ኅዳር ታግሠን ፍሬው ሲደርስ አንዱን ጉባኤ በመዳፋችን አሸነው። ዘሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ክንፍም ጥርስም የሌለው ነበር። የአደይ ዘር ጠፍጣፋና ባለ ክንፍ ነው፤ የአደይ ዘመድ የሆነው የሰይጣን መርፌ ደግሞ ዘሩ እንደ መርፌ ቀጥኖ ጫፉ ላይ ባሉት ጥርሶች ልብስ ይነክሳል። የሰይጣን መርፌ ላይ የተራመደ ሰው «ባለ ሁለት ጥርስ» ስለሚለው የላቲን ስም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ ተክላችን ከአደይ ወገን አለመሆኑ ተረጋገጠ፤ የልጁም የእኛም ፍርድ ተሻረ።

የቀረው በመጭና በኑግ መካከል መለየት ነበር፤ አራተኛው ምልክት የዘሩ ልክ ሆነ። ከገበያ ኑግ ገዝተን አሥር ዘር በማስመሪያ ጠርዝ ላይ ጫፍ ለጫፍ ደረደርን፤ አራት ሳንቲ ሜትር ያህል ሞሉ። ከጓሮው ተክል አሥር ዘር ብንደረድር ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኑ። ተክሉ መጭ ነው። ተማሪው ዘመዳችንም ተሳስቷል፤ ስሕተቱ ግን ከእኛ ስሕተት ያነሰ ነው። መጭና ኑግ የአንድ ወገን ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም 30 ክሮሞሶም አላቸው፤ ኑግ ከመጭ በገበሬ ምርጫ የተገኘ ነው ብለው የሚያስቡ ተመራማሪዎችም አሉ።

እንግዲህ «ኑግማ የተዘራ ነው፤ ይህን ማን ዘራው?» የሚለው የጎረቤታችን ቃል ሲመረመር የዋዛ ንግግር አይደለም። ገበሬው ሁለቱን ተክሎች የሚለየው በመልክ ብቻ ሳይሆን በግብርም ነው። ኑግ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ዘይት ይወጣዋል፤ መጭ ሳይዘራ በማሳና በፍግ ይመጣል፣ ይታረማል። ፍች ሲጻፍ ይህ የግብር ልዩነት ከተተወ የቃሉ ግማሽ ይቀራል።

፮. «ዓመታዊ» ስለሚለው ቃል

በዚህ አጋጣሚ ከሥነ ቃል አንጻር አንድ ተጨማሪ ነገር ልናነሣ እንወዳለን። በትምህርት መጻሕፍት በዘር በቅሎ፣ አብቦ፣ አፍርቶ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሞተውን ተክል «ዓመታዊ» ማለት ተለምዷል። በአማርኛ ግን «ዓመታዊ» ሲባል የሚሰማን በየዓመቱ የሚደረግ ወይም የሚመጣ ነው፤ ዓመታዊ በዓል፣ ዓመታዊ ጉባኤ፣ ዓመታዊ ግብር እንላለን። በዚህ ስሜት ከሄድን በየዓመቱ የሚያብብ ኮሶም ወይራም ዓመታዊ ሊባል ነው። ቃሉ ተማሪውን ወደ ተቃራኒው ትርጉም ይመራዋል።

አደይ በሁለቱም ትርጉም የዓመት አበባ ነው፤ አሻሚነቱም ከዚህ ይጀምራል። በየዓመቱ ሲመጣ የምናየው አበባ ያው የአምናው ተክል አይደለም፤ የአምናው ሞቶ ዘሩ ነው የተመለሰው። ገበሬው ለዚህ የራሱ አነጋገር አለው፤ አንዱን «በዘር የሚመጣ»፣ ሌላውን «ከሥሩ የሚያቆጠቁጥ» ይላል። በበኩላችን ለመጀመሪያው «በዘር ተመላሽ»፣ ለሁለተኛው «ከሥር አቆጥቋጭ» ወይም ባጭሩ «ዘላቂ» የሚሉት ስያሜዎች ቢመረመሩ ይሻላል እንላለን። እነዚህ ቃላት ለጆሮ አዲስ ቢሆኑም ለአእምሮ አዲስ አይደሉም፤ «ዓመታዊ» ግን ለጆሮ የለመደ ሆኖ አእምሮን ያሳስታል።

፯. የቀረበ ፍች

የአማርኛ አካዳሚ በ1964 ዓ.ም. ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1989 ዓ.ም. በታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትና በ1993 ዓ.ም. በወጣው አማርኛ መዝገበ ቃላት ጭምር፣ በዚህ መስክ ብዙ ተደክሟል። ድካሙ ፍሬ እንዲሰጥ የዕፅዋት ፍች አንድ ሕግ ቢኖረው መልካም ነው፤ ይኸውም ተክሉን ከሚመስለው ጎረቤቱ የማይለይ ፍች ፍች አለመሆኑ ነው። በዚህ መሠረት የራሳችንን ካርድ ሰርዘን የሚከተሉትን ሦስት ፍቾች እናቀርባለን።

አደይ፤ አደይ አበባ። በክረምት በዘር የሚበቅል፣ ከመስከረም ጀምሮ በሜዳና በማሳ ዳር ቢጫ አበባ የሚያወጣ፣ ፍሬውን ጥሎ በበጋ የሚደርቅ ተክል። ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ፣ ዘሩ ጠፍጣፋና ባለ ክንፍ ነው። በዕንቁጣጣሽና በመስቀል ይቀጠፋል። የሳይንስ ስሙ ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው፤ በስሙ ሌሎች የቅርብ ዘመዶቹም ይጠሩበታል።

መጭ፤ ሳይዘራ በማሳ፣ በጓሮና በፍግ ላይ የሚበቅል፣ በመስከረምና በጥቅምት የሚያብብ በዘር ተመላሽ አረም። አበባው አደይን ይመስላል፤ ቅጠሉ ግን ደፍንና ሻካራ፣ ዘሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ከኑግ ዘር ያነሰ ነው። የሳይንስ ስሙ ጊዞቲያ ስካብራ፣ ንዑስ ዝርያው ሺምፐሪ ነው።

ኑግ፤ ለዘይቱ የሚዘራ በዘር ተመላሽ የእህል ዓይነት። አበባው ቢጫ፣ ቅጠሉ ደፍን፣ ዘሩ ጥቁርና አብረቅራቂ ሆኖ የመጭን ዘር እጥፍ ያህል ይረዝማል። የሳይንስ ስሙ ጊዞቲያ አቢሲኒካ ነው።

እነዚህ ፍቾች ፍጹም ናቸው አንልም። አደይ የሚለው ስም በየአገሩ ምን ያህል ተክሎችን እንደሚሸፍን ገና በመስክ መመርመር አለበት። ይህን ሊነግሩን የሚችሉት ሰዎች ደግሞ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቅጠል ዳስሰው፣ ዘር አሽተው ስም የሚያወጡት እንደ ጎረቤታችን ያሉ እናቶችና አባቶች ሳያልፉ ቃሉንና ተክሉን በአንድ ወረቀት ላይ ማስፈር ይገባናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ መምህራንና ተማሪዎች በአካባቢያቸው የሚገኘውን አበባ ሲጽፉልን ስሙን በፊደላችን ጽፈው፣ ከስሙ ጋር ቅጠሉንና የደረሰ ዘሩን በወረቀት ውስጥ አድርቀው እንዲልኩ በትሕትና እንጠይቃለን።

የጓሯችን መጭ በታኅሣሥ ደረቀ። ዘሩን ግን ከመርገፉ በፊት ሰብስበን ከአዲሱ ካርድ ጋር በአንድ ፖስታ ውስጥ አኑረነዋል።